የድሮ ሳንቲሞች አያያዝ፦ ከአክሱም እስከ ጃንሆይ ዘመን

በብዙ ቤት አንድ ሁለት የድሮ ሳንቲም አይጠፋም። የአያት ጠገራ ብር ሊሆን ይችላል፣ ወይም በልጅነት የተጠራቀመ የጃንሆይ ሳንቲም። ብዙ ጊዜ መሀረብ ውስጥ ተቋጥሮ፣ ሙዳይ ወይም ጣሳ ውስጥ ተጥሎ ይኖራል። ጠብቆ ማቆየት የፈለገ ሰው መጀመሪያ ማወቅ ያለበት ሳንቲሙ ከምን እንደተሠራ ነው።

የአክሱም ነገሥታት ከ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ ከንጉሥ እንዱቢስ ጀምሮ፣ እስከ 7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ድረስ የወርቅ፣ የብርና የነሐስ ገንዘብ ሠርተዋል። ማርትሬዛ የምንለው፣ የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለበት ጠገራ 28 ግራም ያህል ይመዝናል። ከዚህ ውስጥ 83 በመቶው ንጹሕ ብር ነው። ንግሥቲቱ ከሞተች በኋላ በየትኛውም ዘመን ቢመታ የሚታይበት ዓመት እንደ ፈረንጆቹ 1780 ነው፤ ስለዚህ በዓመቱ ብቻ ዕድሜውን መገመት አይቻልም። ባለ አንበሳው የምኒልክ ብር የወጣው በ1887 ዓ.ም. ሲሆን የተመታው ፓሪስ ነው። በ1936 ዓ.ም. የጃንሆይ ሳንቲሞች ባለ 50 ሳንቲሙ ከብር፣ ከዚያ በታች ያሉት ከመዳብ ተሠርተዋል። ከጃንሆይ በኋላ የመጣው የ1969ኙ 1 ሳንቲም ደግሞ አሉሚኒየም ነው።

የስብስብ ዋና ጠላት ሌባ ይመስለናል። ከሌባ በላይ የሚያጠፋው ግን ማጽዳት ነው። እኛ ዘንድ የጠቆረ ብር ሲታይ እጅ ወደ አመድና ሎሚ ይሄዳል፤ አሁን አሁን የጥርስ ሳሙናም ተጨምሯል። ሳንቲሙ ለጊዜው ያብረቀርቃል፣ ግን የላይኛው ቆዳው ተፍቆ ሄዷል። በአጉሊ መነጽር ሲታይ ፊቱ በጭረት ተሞልቷል። ዕቃውን የሚያውቅ ገዢ እንዲህ ያለውን አንስቶ መልሶ ያስቀምጠዋል፣ ዋጋም አይጠይቅም። በአክሱም ሳንቲም ላይ ጉዳቱ ይብሳል። አንዳንዶቹ የብርና የነሐስ ሳንቲሞች በንጉሡ ራስ ዙሪያ ወይም በመስቀሉ ላይ ስስ ወርቅ ተለብጦባቸዋል። በጥንቱ ዓለም ይህን ያህል የሚያስደንቅ የገንዘብ አሠራር ጥቂት ነው። ያ ወርቅ ከአፈር ጋር ሺህ ዓመት አልፎ፣ በአንድ የጥርስ ብሩሽ ሊነሳ ይችላል።

ሳንቲም ሲያዝ በጠርዙ ነው። የጣት ላብና ቅባት በተለይ መዳብ ላይ አሻራ ያትማል፣ ከቆየም አይለቅም። ሲታይ ደግሞ ከታች ወፍራም ጨርቅ ቢነጠፍ ጥሩ ነው፤ ሲሚንቶ ላይ የወደቀ ጠገራ ጠርዙ ይጎዳል።

ማስቀመጫው ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። ለስላሳና ሲከፍቱት አዲስ ፕላስቲክ የሚሸት አልበም አብዛኛውን ጊዜ ፒቪሲ ከሚባለው ፕላስቲክ የተሠራ ነው። ዓመታት ሲያልፉ ፕላስቲኩ ይፈርስና ሳንቲሙ ላይ የሚያጣብቅ አረንጓዴ ቅባት ይተዋል፤ ውሎ አድሮም ብረቱን ይበላዋል። ገና ከሆነ ቅባት በሚያሟሟ ንጹሕ አሴቶን ነክሮ ማውጣት ይቻላል፣ ሳይፈትጉ። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ግን አይሆንም፣ ቅባትና ሽቶ አለበት። አሴቶን እሳት ቶሎ ስለሚይዝ ከሰልም ሻማም በሌለበት፣ መስኮት ተከፍቶ ነው የሚሠራው። ለማስቀመጫ የሚመረጠው ማይላር ከሚባለው፣ ሳንቲም ከማይጎዳ ፕላስቲክ የተሠራ ከረጢት ነው፤ መሀሉ ክብ መስኮት ያለው የካርቶን ክፈፍም ይሆናል። ክፈፉ በስቴፕለር ከተመታ የሽቦውን ጫፍ በፒንሳ መደፍጠጥ ያስፈልጋል። አለዚያ ጎረቤቱን ሳንቲም ይቧጭራል።

ብርን የሚያጠቁረው ድኝ ነው። ድኝ ላስቲክ ውስጥ አለ፣ ሱፍ ውስጥ አለ፣ የከሰል ጭስ ውስጥም አለ። ስለዚህ ሳንቲምን በላስቲክ ማሰር፣ ወይም ቡና በየቀኑ የሚፈላበት ክፍል ማስቀመጥ አይመከርም። አዲስ የእንጨት ሳጥንም ከእንጨቱ የሚወጣው አሲድ መዳብና ነሐስን ይጎዳል። ክረምት ሲገባ ጫማ ካርቶን ውስጥ የምናገኛትን የእርጥበት መምጠጫ ከረጢት አጠገቡ ማስቀመጥ ይጠቅማል፣ አልፎ አልፎ መቀየር ካልተረሳ።

ከመሬት የወጣ ነሐስ ላይ ጠንካራና ለስላሳ አረንጓዴ ሽፋን ቢኖር ችግር የለውም፣ አይነካም። ሲጠርጉት ተመልሶ የሚመጣ ፈዛዛ አረንጓዴ ዱቄት ከሆነ ግን ከአፈር የገባ ጨውና እርጥበት ተገናኝተው ነሐሱን እየበሉት ነው። ያንን ሳንቲም ለብቻው ደረቅ ቦታ አስቀምጦ ለቅርስ ጥገና ባለሙያ ማሳየት ነው።

ስለ አክሱም ሳንቲም አንድ የሕግ ነገር አለ። በ1992 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 209 መሠረት ቅርስ ያለ ፈቃድ ቆፍሮ ማውጣት ክልክል ነው። ሲያርስ ወይም መሠረት ሲቆፍር ያገኘ ሰውም ማስታወቅ አለበት። ከአገር ይዞ መውጣትም እንዲሁ የሚያስጠይቅ ነው። ዘመድ ለማስደሰት ብሎ ሻንጣ ውስጥ የሚከት ሰው ይህን ቢያውቅ ይሻላል።

የራሱን ስብስብ የሚይዝ ሰው የእያንዳንዱን ሳንቲም ሁለት ፊት በስልክ ፎቶ አንስቶ፣ ክብደቱን፣ ከማን እንዳገኘውና መቼ እንዳገኘው ደብተር ላይ ይጽፋል። ደብተሩና ሳንቲሞቹ አንድ መሳቢያ ውስጥ ካደሩ ግን ሌባ ሁለቱንም አብሮ ይወስዳቸዋል።