የአደጋ ጊዜ ተሽከርካሪ ሳይረን፦ አገጣጠሙና አጠቃቀሙ

ሳይረን አምቡላንስ፣ የእሳት አደጋ መኪናና የፖሊስ መኪና መንገድ እንዲለቀቅላቸው የሚጠይቁበት የድምፅ መሣሪያ ነው። መጠየቂያ መሆኑ መዘንጋት የለበትም፤ መንገድ የሚለቀው የሰማ ሰው ብቻ ነው። በአገጣጠምም ሆነ በአነዳድ የሚታዩት ከባድ ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመጡት፣ ሾፌሩ ጆሮው ላይ የሚጮኸውን ድምፅ ሌላውም በዚያው ልክ ይሰማዋል ብሎ ከማሰብ ነው።

ስያሜው የፈረንሳዊው የፊዚክስ ሊቅ የሻርል ካኛር ደ ላ ቱር ነው። እ.ኤ.አ. በ1819 የሠራው መሣሪያ ቀዳዳ ባለው የሚሽከረከር ሳህን የአየርን ፍሰት እየቆራረጠ ድምፅ ያወጣ ነበር። ዛሬም በአንዳንድ የእሳት አደጋ መኪኖች ላይ ያለው በሞተር የሚዞር ሳይረን የሚሠራው በዚሁ ዘዴ ነው። ይህ ዓይነቱ ሲነሳ ከ100 አምፔር በላይ ስለሚስብ የራሱ ወፍራም ገመድና የራሱ ሪሌ (በትንሽ ኤሌክትሪክ ትልቁን የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ) ያስፈልገዋል። ከዚህ በታች የሚዘረዘረው ግን በብዛት የሚገጠመውን ኤሌክትሮኒክ ሳይረን ይመለከታል።

ኤሌክትሮኒክ ሳይረን የሚባለው አምፕሊፋየር (ድምፅ ማጉያ)፣ ስፒከር፣ መቆጣጠሪያ፣ ፊውዝና ገመድ ነው። አምፕሊፋየሩ በተለምዶ 100 ወይም 200 ዋት ነው። ሁለት ዋና ድምፆች አሉት፤ ቀስ ብሎ እየወጣ የሚወርደው ረጅም ጩኸት በደቂቃ ከ10 እስከ 30 ጊዜ ይመላለሳል፣ ፈጣኑ ደግሞ ከ150 እስከ 250 ጊዜ። ረጅሙ ለክፍት መንገድ፣ ፈጣኑ ለመስቀለኛ መንገድና ለተጨናነቀ ቦታ ይመረጣል።

ድምፁ ምን ያህል ይርቃል? ጥሩ ባለ 100 ዋት ስፒከር ፊት ለፊቱ በ3 ሜትር ላይ 120 ዴሲቤል (የድምፅ ኃይል መለኪያ) ገደማ ይሰጣል። ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር 6 ዴሲቤል ይቀንሳል፤ 100 ሜትር ላይ 90 ያህል ብቻ ይቀራል። መስኮቱን የዘጋ መኪና ከዚህ ላይ 25 ወይም 30 ዴሲቤል ይቀንሳል። የተረፈው የመንገድና የሞተር ድምፅ ካለበት፣ ሬዲዮም ከተከፈተበት የመኪና ውስጥ ጫጫታ ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ አምቡላንስ ያንን 100 ሜትር በ6 ሰከንድ ይጨርሰዋል። በእነዚህ 6 ሰከንዶች ውስጥ ሌላው ሾፌር መስማት፣ ከየት እንደመጣ መለየት፣ መወሰንና መንቀሳቀስ አለበት። መስቀለኛ መንገድ ላይ ነገሩ ይከፋል፤ ስፒከሩ ወደ ፊት ስለሚጮህ ከጎን ለሚመጣው የሚደርሰው ድምፅ ከዚህም ያነሰ ነው፣ በመካከል ሕንፃ ካለ ደግሞ ጥግ እስኪታለፍ ድረስ ጭርሱኑ ላይሰማ ይችላል። ሳይረኑ እጅግ የሚፈለግበት ቦታ አቅሙ እጅግ የሚደክምበት ቦታ ነው።

ስለዚህ የስፒከሩ አቀማመጥ ከዋቱ በላይ ይወስናል። ትክክለኛው ቦታ ከፊት፣ ፓራውልቱ ላይ ወይም ከፍርግርጉ ፊት ነው። ከፍርግርጉ ኋላ ወይም ከኮፈኑ ሥር የተደበቀ ስፒከር ብዙ ድምፁን ለብረትና ለራዲያተር ያስረክባል። ጣሪያ ላይ ማሰር ደግሞ ድምፁን በሠራተኞቹ ራስ ላይ ማውረድ ነው። በስፋት የሚሠራበት የጤና መመሪያ ለ85 ዴሲቤል 8 ሰዓት ይፈቅዳል፤ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ጊዜው በግማሽ ያጥራል፣ 100 ዴሲቤል ላይ 15 ደቂቃ ብቻ ይሆናል። የስፒከሩ አፍ በጥቂቱ ወደ ታች ካዘነበለ ውሃ አይጠራቀምበትም።

ገጠማው የባትሪውን ኔጌቲቭ በመፍታት ይጀምራል። ከመብሳት በፊት ከብረቱ ኋላ የነዳጅ ቱቦ፣ የፍሬን መስመር ወይም የሽቦ እሽግ አለመኖሩ በዓይን ይታያል። የተበሳው ቀዳዳ በጎማ ቀለበት ይሸፈናል፤ አለዚያ ብረቱ በንዝረት ሽቦውን ይልጠዋል። ባለ 100 ዋት አምፕሊፋየር በ12 ቮልት ከ8 እስከ 10 አምፔር፣ ባለ 200 ዋቱ እጥፉን ይስባል። ገመዱ እስከ 5 ሜትር ድረስ ለመጀመሪያው 4፣ ለሁለተኛው 6 ካሬ ሚሊሜትር ቢሆን ይበቃል። ፊውዙ ከባትሪው ፖዘቲቭ በ45 ሳንቲሜትር ውስጥ ይግባ፤ ከፊውዙ በፊት ያለው ገመድ ብረት ቢነካ እሳት ነው፣ የሚያቋርጠው ነገር የለምና። ምድሩ (ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለሰው ገመድ) ቀለሙ በተፋቀ ንጹሕ ብረት ላይ፣ ቢቻል ቀጥታ ባትሪው ላይ ይታሰር።

ባለ 24 ቮልት መኪና ላይ ባለ 12 ቮልት ሳይረን ከሁለቱ ባትሪዎች ከአንዱ ብቻ መቀጠል የተለመደ ጥፋት ነው። የሚቀዳለት ባትሪ እየተራበ፣ ሌላው ከልክ በላይ እየተሞላ ሁለቱም ቶሎ ይሞታሉ። ቮልቴጅ መቀነሻ መግጠም ግድ ነው።

የስፒከሩ ኦም (የኤሌክትሪክ ፍሰትን የመከላከል አቅሙ መለኪያ) ከአምፕሊፋየሩ ጋር መጣጣም አለበት። የተለመደው ስፒከር 11 ኦም ነው፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲያያዙ 5.5 ኦም ይሆናሉ፣ ይህም ለባለ 200 ዋት እንጂ ለባለ 100 ዋት አምፕሊፋየር አይሆንም። በተቃራኒው አንድ ባለ 100 ዋት ስፒከር ለብቻው በባለ 200 ዋት መውጫ ላይ ከታሰረ የውስጥ ሽቦ ጥቅልሉ ሊቃጠል ይችላል። ከሁለት ስፒከሮች የአንዱ ብቻ ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ከተገለባበጠ አንዱ የሌላውን ድምፅ ያጠፋል፤ ሁለቱም እየጮኹ ከአንድ ያነሰ ድምፅ ሊሰማ ይችላል። በስፒከር ሽቦ ላይ 33 ቮልት ገደማ ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ስለሚኖር ከሁለቱ ሽቦዎች አንዱም ከመኪናው አካል ጋር አይገናኝ። ሽቦው ከሬዲዮ አንቴና ገመድ ይራቅ፤ መቆጣጠሪያውም ኤርባግ በሚፈነዳበት አቅጣጫ አይቀመጥ።

አነዳድ ላይ ቁም ነገሩ መስቀለኛ መንገድ ነው። ወደ መገናኛው ከመድረስ 50 ሜትር ገደማ ቀደም ብሎ ድምፁ ከረጅሙ ወደ ፈጣኑ ይለወጣል፤ ጆሮ የለመደውን ይተዋል፣ ለውጥን ግን ያስተውላል። ቀይ መብራት ላይ ሙሉ በሙሉ ተቁሞ፣ በየረድፉ ያለው ሾፌር መቆሙ በዓይን ተረጋግጦ፣ አንድ አንድ ረድፍ እየታለፈ ይሻገራል። የሰው ጆሮ በሳይረን የድምፅ ክልል ውስጥ አቅጣጫን በደንብ አይለይም፤ ሕንፃዎች ሲያስተጋቡት ደግሞ ይብስበታል። ስለዚህ ድምፁን የሰማ ሾፌር መሐል መንገድ ላይ ቆሞ ግራ ቀኝ ቢያይ ግትርነት አይደለም፣ ጊዜ ሊሰጠው ይገባል።

ሁለት የአደጋ መኪኖች ተከታትለው ሲሄዱ በሁለቱ መካከል ሰፊ ርቀት ይኑር፤ ድምፃቸውም ይለያይ። የመጀመሪያውን ያሳለፈ ሰው ሌላ ይመጣል ብሎ አይጠብቅም፤ በሁለተኛው ፊት የሚገባውም ለዚህ ነው። የሳይረን ጩኸት የራሱን ሾፌርም ያጣድፋል፣ ሳያውቀው ፍጥነት ይጨምራል፤ መስኮት መዝጋትና ፍጥነት መለኪያውን ደጋግሞ ማየት ይረዳል። መኪናው ቆሞ በር ሲከፈት ሳይረኑን በራሱ የሚያጠፋ ማብሪያ መግጠምም ይመከራል፤ ስፒከሩ ፊት የሚያልፍ ሠራተኛ ጆሮ በቅጽበት ሊጎዳ ይችላልና።

ከ200 እስከ 400 ኸርዝ የሚያወጣ ዝቅተኛ ድምፅ ያለው ተጨማሪ ሳይረን የተዘጋ መኪናን ዘልቆ ስለሚያንቀጠቅጥ ለተጨናነቀ መገናኛ ይጠቅማል። ይሁን እንጂ ለአጭር ርቀት ብቻ ስለሚሠራ ዋናውን አይተካም።

ድምፁ ሲደክም መጀመሪያ የሚመረመረው ስፒከሩ አፍ ውስጥ የገባ ጭቃ ነው። ከዚያ ሳይረኑ እየሠራ በአምፕሊፋየሩ መግቢያ ላይ ቮልቴጁ ይለካል፤ ከባትሪው ከአንድ ቮልት በላይ ካነሰ ጥፋቱ የላላ ማሰሪያ ወይም የዛገ ምድር ነው። በመጨረሻ ስፒከሩ ተነጥሎ በመልቲሜትር ይለካል፤ ከተጻፈበት ኦም በጥቂቱ ቢያንስ ጤነኛ ነው፣ ዜሮ ካሳየ ውስጡ ተገናኝቷል፣ ምንም ካላሳየ ጥቅልሉ ተበጥሷል።