የስም መነሻ ፊደላት እንደ ሎጎ

የድርጅትን ስም መነሻ ፊደላት ለቅሞ ሎጎ ማድረግ አዲስ ነገር አይደለም። ስሙ ረጅም ነው፣ ማኅተሙ ደግሞ ጠባብ፤ ከዚያ ማሳጠር ይመጣል።

የፈረንሳዩን ሻንጣ ሠሪ ሉዊ ቪቶንን እንይ። እ.ኤ.አ. በ1896 ልጁ ጆርጅ የሟች አባቱን ስም ኤል እና ቪ አጠላልፎ፣ ከአበባ ጋር ሻንጣው ላይ በተናቸው። ያሰበው አስመሳዮችን ለማስቸገር ነበር። ይኸው ዛሬ በብዛት ከሚኮረጁ ምልክቶች አንዱ ሆኖ አረፈው!

የኮምፒውተር ኩባንያው የአይቢኤም ደግሞ ሌላ ነው። ኢንተርናሽናል ቢዝነስ ማሽንስ የሚለውን ስም የያዘው በ1924 ነው። የሎጎ ንድፍ ሠሪው ፖል ራንድ በ1956 ሦስቱን ፊደላት ወፈር አድርጎ ሠራለት፣ በ1972 ደግሞ በ8 አግድም መስመር ሸነሸናቸው። ሙሉ ስሙን ዛሬ ማን ይጠራዋል? ግን ፊደሎቹን ያስከበራቸው የብዙ ዓመት ሥራ ነው፤ ትናንት የተከፈተ ካፌ በሩ ላይ ሁለት የላቲን ፊደል ቢሰቅል መንገደኛው ቡና እንዳለ በምን ያውቃል?

ዕድልም አለበት። ቢል ሂውሌትና ዴቭ ፓካርድ በ1939 ድርጅታቸውን ሲመሠርቱ የማን ስም ይቅደም የሚለውን የለዩት ሳንቲም ወርውረው ነው። ሳንቲሙ ቢገለበጥ ኖሮ ፕሪንተሩ ላይ የምናነበው በኤችፒ ፈንታ ፒኤች ነበር።

በእኛ ፊደል ጨዋታው ይለያል። ትልቅና ትንሽ ፊደል የለንም፣ ስለዚህ ሠዓሊው የሚጫወተው በፊደሉ እግርና ራስ ቅርጽ ነው። እያንዳንዱ ፊደል አናባቢውን ይዞ ስለሚመጣ ደግሞ መነሻዎቹ ሲደረደሩ ሳይፈለግ ቃል ይሆናሉ። ከሁሉ የቀናው የአማራ ልማት ማኅበር ይመስለኛል፦ አልማ። ስሙም ትእዛዙም እሱው ነው። የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም ግን አብቁተ ሲባል ምላስ ይይዝ ነበር። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቀ.ኃ.ሥ. ደግሞ ለመጥራት ባይመችም ያኔ ያላወቀው አልነበረም። ይቺ ኃ እና ሥ ሌላ ጣጣ አላት፤ ሀ፣ ሐ፣ ኀ ድምፃቸው አንድ ስለሆነ አንዴ የመረጡትን ይዞ መቀጠል ነው።

እኛ ጋ የሚያስቸግረው የኢ እና የአ ብዛት ነው። ግማሹ ስም በኢትዮጵያ ወይም በአዲስ ይጀምራል፣ ሌላው በአክሲዮን ማኅበር ያልቃል። የንግድ ምልክት አዋጅ ቁጥር 501/1998 ፊደላትን በምልክትነት ይቀበላል፣ ግን ዕቃህን ከሌላው ዕቃ መለየት አለባቸው። ምዝገባው ለ7 ዓመት ይጸናል፣ ይታደሳልም። ባለ ኢ ሎጎ ያሰበ ሰው ታፔላውን ከማሠራቱ በፊት የተመዘገቡትን ቢያስፈትሽ ይሻለዋል።