የሩዋንዳ 30 በመቶ ኮታ፦ ሒሳቡ እንዴት ነው?

የሩዋንዳ ሕገ መንግሥት በውሳኔ ሰጪ አካላት ለሴቶች የሚያረጋግጠው 30 በመቶ ነው። ታዲያ እንዴት ሆኖ ነው ከምክር ቤቱ ግማሽ በላይ ሴት የሆነው? ብዙዎችን ግራ የሚያጋባው ይሄ ነው።

ቁልፉ "ቢያንስ" የምትለው ቃል ናት። ከ30 በመቶ መውረድ አይቻልም፤ ከዚያ በላይ መውጣትን ግን የሚከለክል የለም።

የታችኛው ምክር ቤት 80 መቀመጫ አለው። 24ቱ ለሴቶች ብቻ የተያዙ ናቸው። እዚህ ላይ የሚወዳደሩት ሴቶች ብቻ ሲሆኑ፣ ድምፅ የሚሰጡት ደግሞ የአካባቢ ምክር ቤቶችና የሴቶች አደረጃጀት ተወካዮች ናቸው። 2ቱ የወጣቶች፣ 1ዱ የአካል ጉዳተኞች ነው። የቀሩት 53 መቀመጫዎች ግን ለሁሉም ክፍት ናቸው፤ ጠቅላላው ሕዝብ የሚመርጠውም እነሱን ነው። ሴቶች እዚህም ከወንዶች ጋር ተፎካክረው ያሸንፋሉ።

በ2008 እ.ኤ.አ. 45 ሴቶች ገቡ። ሴቶች አብላጫ የያዙበት በዓለም የመጀመሪያው ፓርላማ ያኔ ተገኘ። በ2024 እ.ኤ.አ. ምርጫ ደግሞ ቁጥሩ 51 ደረሰ። አስሉት፦ ከ51ዱ የተያዘውን 24 ቀንሱ፤ 27 ይተርፋል። እነዚህን 27 ሴቶች "በኮታ የገቡ" ማለት ግፍ ነው፤ ለሴቶች በተያዘው ወንበር አልገቡምና።

አንድ ነገር ግን አይምታታ። ኮታው ወንበር ይሰጣል እንጂ የመናገር ነፃነት አይሰጥም። ምክር ቤቱ በአንድ ገዥ ፓርቲ ተፅዕኖ ሥር ስለሆነ፣ መንግሥትን አፋጦ መጠየቅ ለሴቷም ለወንዱም ከባድ ነው።