የእሳት አደጋ ሠራተኛ ሥራ ላይ ሲሞት ማነው የሚጠየቀው?

አሜሪካ ውስጥ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ሥራ ላይ ሲሞት ብዙ ጊዜ ናዮሽ የሚባለው የፌዴራል የሥራ ደህንነት ምርምር ተቋም መርማሪ ይልካል። ሰው ታዲያ "ጥፋተኛው ሊታወቅ ነው" ብሎ ይጠብቃል። አይደለም። ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለው ይህ ፕሮግራም ጥፋተኛ አይለይም፣ አይቀጣምም። የሚያጣራው ሬዲዮው ይሰማ ነበር ወይ፣ ውጭ ያለው አዛዥ እነማን ውስጥ እንደገቡ ያውቅ ነበር ወይ፣ ሥልጠናውስ ምን ይጎድለው ነበር የሚለውን ነው፤ ሌሎች ጣቢያዎች እንዲማሩበት። ሰው ቅጣት ፈርቶ እውነቱን እንዳይደብቅ ስለሚረዳ ትክክል ነው እላለሁ።

ቅጣት ኦሻ የሚባለው የሥራ ደህንነት ሕግን የሚያስከብረው መሥሪያ ቤት ሥራ ነው። ግራ የሚያጋባው ግን እዚህ ጋ ነው፦ የፌዴራሉ ኦሻ የከተማ አስተዳደር ሠራተኞችን አይሸፍንም። እነሱ እንዲሸፈኑ ግዛቱ የራሱ የኦሻ ፕሮግራም ሊኖረው ይገባል። ደቡብ ካሮላይና አላት፤ በ2007 እ.ኤ.አ. ቻርልስተን ከተማ ውስጥ የሶፋ መደብር ተቃጥሎ 9 የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሲሞቱ ግዛቱ ከተማዋን ቀጥቷል። ቴክሳስ ግን የላትም፣ ስለዚህ እዚያ ኦሻ ከተማን በዚህ መቅጣት አይችልም። ሐዘን ላይ ያለ ቤተሰብ ይህን ሲሰማ ቢናደድ አይፈረድበትም።

የናዮሽ ምክርም አስገዳጅ አይደለም። ሪፖርቱ ግን ለሕዝብ ክፍት ስለሆነ ማንም ነዋሪ ይዞት የከተማው ምክር ቤት ሄዶ "የትኛውን ተገበራችሁ? ሥልጠናውስ ተጀመረ?" ብሎ መጠየቅ ይችላል።