የክትባት «95 በመቶ ውጤታማነት» ምንድን ነው?

በዘመዶቼ የቴሌግራም ቡድን አንድ መልእክት ለሦስተኛ ጊዜ ዞሮ መጣ። «ክትባቱ 95 በመቶ ይከላከላል ማለት ከ100 ተከታቢ 5ቱ ይታመማል ማለት ነው፤ 100 ሚሊዮን ሕዝብ ቢከተብ 5 ሚሊዮኑ መታመሙ አይቀርም» ይላል። ጸሐፊው ማባዛት ያውቃል፤ ምን እንደሚያባዛ ግን አያውቅም።

ቁጥሩ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ከታተመው የፋይዘርና የባዮንቴክ የኮቪድ ክትባት ሙከራ ነው። ተሳታፊዎቹ በሁለት ወገን ተከፈሉ፤ በየወገኑ 18 ሺህ ያህል ሰው ተቆጠረ። ክትባቱን ከወሰዱት 8፣ ለማነጻጸር በክትባቱ ፋንታ የጨው ውኃ ከተወጉት 162 ሰዎች ታመሙ። 8 የ162 አምስት በመቶ እንኳ አይሞላም፤ የቀረውን 95 በመቶ ያህል ክትባቱ አስቀረ ማለት ነው፤ 95 የተገኘው ከዚህ ነው። የጸሐፊው ስሌት ትክክል ቢሆን ኖሮ ከተከተቡት 900 ሰው በታመመ ነበር።

ማሳው ጫካ ሥር ለሆነ ገበሬ ይህን ማስረዳት አያስቸግርም። ሁለት እኩል የበቆሎ ማሳዎች አሉ፤ አንዱ ታጥሯል። ዝንጀሮ ካልታጠረው 100 ራስ በቆሎ ሲወስድ ከታጠረው 5 ወሰደ። አጥሩ 95 በመቶ አዳነ እንላለን። ከአዝመራው ከመቶ አምስት እጁ ጠፋ የሚል የለም፤ ማሳው ላይ አሥር ሺህ ራስ ሊኖር ይችላላ! መንጋው በበዛበት ዓመት ከሁለቱም ማሳ ብዙ ይጠፋል፣ ባልመጣበት ከሁለቱም አይጠፋም፤ አጥሩ ግን ያው አጥር ነው። እያደር ይላላል፣ አጥር መዝለል የለመደ መንጋም ይመጣል፤ ኦሚክሮን የተባለው የኮቪድ ዝርያ እንዲህ ነበር። የጎረቤት አጥር ላይ ስንደርስ ግን ምሳሌዬ ይሰበራል፤ የጎረቤት አጥር ዝንጀሮውን ወደ እኔ ይገፋዋል፣ የጎረቤት ክትባት ግን ብዙውን ጊዜ ለእኔም ይተርፋል።

ማንም ባይጠይቀኝም ልጨምር። ሙከራው የቆጠረው ምልክት አሳይተው የታመሙትን እንጂ ቫይረሱ የገባባቸውን ሁሉ አይደለም፤ ያውም ከሁለተኛው መርፌ 7 ቀን ካለፈ በኋላ። 95 ራሱም በግምት ከ90 እስከ 98 ባለው መካከል ያለ ቁጥር ነው። በሌላ አገርና በሌላ ወቅት ከተሞከረ ክትባት ቁጥር ጎን አስቀምጦ «ይኼኛው ይበልጣል» ማለትም አያስኬድም።

ይህንኑ ለቡድኑ ስጽፍ አክስቴ «ታዲያ እኔ የመታመም ዕድሌ ስንት በመቶ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። በመልእክቱ ላይ ከቀረቡት ጥያቄዎች ሁሉ የተሻለው ይህ ነው። «በሰፈርዎ ስንት ዝንጀሮ አለ?» ብዬ መለስኩላቸው።