በጎማ ጎን ላይ ያለው ባለ 4 አሃዝ ቁጥር ምንድን ነው?

ገበያ ወርዶ በሬ የሚገዛ ሰው ዋጋ ከመጠየቁ በፊት አፉን ፈልቅቆ ጥርሱን ያያል። ጥርሱ ዕድሜውን ይነግረዋል። ገና ወይፈን ነው ወይስ አርጅቷል፣ ስንት ክረምትስ ያርሳል፣ ሁሉም እዚያ አለ። እኛ ሞተር ነጂዎችም ጎማ ስንገዛ የምናደርገው ያንኑ ነው። ጥርሱን እናያለን፣ በአውራ ጣት እንለካለን፣ ጥልቅ ከሆነ «አዲስ ነው» ብለን ብር እንቆጥራለን። የጎማ ጥርስ ግን ዕድሜ አይናገርም። መጋዘን ውስጥ 8 ዓመት የተቀመጠ ጎማ ጥርሱ ሙሉ ነው፤ መንገድ ነክቶ አያውቅማ። ዕድሜውን የምትናገረው ጎኑ ላይ የታተመች ባለ 4 አሃዝ ቁጥር ናት። እንደኔ ሞተሩን ቅዳሜና እሁድ ብቻ ለሚያወጣ ሰው ደግሞ ይህች ቁጥር ከብራንዱም ከዋጋውም ትቀድማለች።

መጀመሪያ እንፈልጋት። የጎማውን ጎን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉና ዙሪያውን ተከተሉት። ዲ፣ ኦ፣ ቲ የሚሉ ሦስት የላቲን ፊደላት ታገኛላችሁ፤ የአሜሪካ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ምህጻረ ቃል ነው። ከዚያ ቀጥሎ የፊደልና የቁጥር ድብልቅ ይመጣል። የፋብሪካው መለያ ነው፣ የመጠኑ መለያ ነው፣ እሱን እለፉት። መጨረሻ ላይ ያሉት 4 አሃዞች፣ ብዙ ጊዜ በእንቁላል ቅርጽ መስመር የተከበቡት፣ የጎማው የልደት ቀን ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን ይነግራሉ፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን። 4722 የሚል ካያችሁ በ2022 በ47ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። በአንዱ ጎን ካጣችሁት ሌላውን ጎን እዩ፤ ሙሉው ቁጥር በአንድ ጎን ብቻ የሚታተምበት ጎማ አለ። አሃዞቹ 3 ብቻ ከሆኑ ግን ጎማው ከ2000 በፊት የተሠራ ነውና እዚያው ተዉት።

አሁን ወደ ወጥመዱ ልምጣ። ዓመቱ የፈረንጅ ነው።

እኔ የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። በሥራ ቀን በእግሬ ነው የምሄደው፣ ሞተሩ ግቢ ውስጥ ይቆማል። ቅዳሜ ወይም እሁድ ሲመጣ አንዳንዴ በአስፋልቱ ወደ አማኑኤልና ደምበጫ፣ አንዳንዴ በሉማሜ አድርጌ እስከ ደጀን፣ ሰማዩ ሲጠራ ደግሞ በሮብ ገበያ በኩል ወደ ጮቄ እወጣለሁ። በ2015 ዓ.ም. ግንቦት ላይ የኋላ ጎማዬ ሙልጭ ብሎ ስላለቀ ልቀይር ሄድኩ። ሻጩ ያወረደልኝ ጎማ ያምር ነበር፤ ጥቁር፣ የሚያብለጨልጭ፣ ጥርሱ ሙሉ። ዕድሜውንም ማየት እንዳለብኝ ሰምቼ ስለነበር ጎኑን አየሁ። ቁልጭ ብሎ 2015 ይላል። «የዘንድሮ ነው» አለኝ፤ እኔም የዘንድሮ ነው ብዬ ገዛሁት።

ሰኔ ገባ። ከአማኑኤል ስመለስ ዝናብ ነበር፤ ከባድ እንኳ አይደለም፣ አስፋልቱን ያረጠበ ያህል። አንድ አህያ ድንገት መንገድ ገባችብኝና ፍሬን ያዝኩ። የኋላው ጎማ ከሥሬ ሄደ። ፍጥነቴ ትንሽ ስለነበር ጉልበቴ ተላጦ ተረፍኩ። በማግስቱ ወደማውቃቸው ጎሚስታ ወሰድኩት። «ጋሼ፣ አዲስ ጎማ እንዴት እንዲህ ያንሸራትታል?» አልኳቸው። በጥፍራቸው ጫን ጫን አደረጉትና «ወንድሜ፣ ይሄ እኮ ድርቆሽ ነው» አሉኝ። ከዚያ ቁጥሩን አነበቡልኝ። 2015 ዓመት አልነበረም። ሳምንቱ 20ኛው፣ ዓመቱ 15 ነው። በፈረንጅ 2015 ግንቦት፣ በእኛ ግንቦት 2007። አዲስ ብዬ ያስገባሁት ጎማ በተገዛበት ቀን ድፍን 8 ዓመቱ ነበር።

ሻጩ አውቆ አታለለኝ ብዬ አላስብም፤ እሱም እንደኔ አንብቦት ይሆናል። ግን ይህ ነገር አሁንም አለ። 2016፣ 2017 ወይም 2018 የሚል ጎማ ብታዩ የእኛ ዘመን እንዳይመስላችሁ። 2017 ማለት የፈረንጅ 2017 20ኛው ሳምንት፣ ማለትም ግንቦት 2009 ዓ.ም. ነው። አቆጣጠሩ ቀላል ነው። ሳምንቱ እስከ 36 ከሆነ ከዓመቱ 8 ቀንሱ፣ ከ37 ጀምሮ ከሆነ አዲስ ዓመታችን ስለገባ 7 ቀንሱ። ቅድም ያልነው 4722 እንግዲህ ኅዳር 2015 ነው። 0524 ደግሞ ጥር 2016።

«ጎማ እኮ ዳቦ አይደለም፣ ተቀምጦ ምን ይሆናል?» የሚለኝ ብዙ ሰው ነው። ይሆናል። ጥሬው ላስቲክ ፋብሪካ ውስጥ ከድኝ ጋር በሙቀት ይበስላል፤ ቻርልስ ጉድይር የሚባል አሜሪካዊ በፈረንጅ 1839 የደረሰበት ዘዴ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ነገሩ ጨርሶ አይቆምም። አየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን ከሙቀት ጋር ሆኖ ላስቲኩን ቀስ በቀስ ያጠነክረዋል፣ ኦዞን የሚባለው ጋዝ ደግሞ ገጹን ይሰነጥቀዋል። ፋብሪካዎች ይህን ስለሚያውቁ ሰምና ሌላ መከላከያ ቅመም ይቀላቅሉበታል። ቅመሙ ጎማው ሲተጣጠፍና ሲሽከረከር ከውስጥ ወደ ገጹ እየወጣ ይሸፍነዋል። ምራን ያየ ሰው ይህን ቶሎ ይረዳዋል። ቀንበርና ሞፈር የሚታሰርበት ጠፍር ሲታሽና ሲሠራበት ይለሰልሳል፣ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሲከርም ደርቆ ይሰነጠቃል። ሰኞ እስከ ዓርብ አንድ ቦታ የሚቆም ሞተር ጎማም እንደዚያ ነው፤ ስላልሠራ ያርፋል ብላችሁ አታስቡ።

የእኛ አገር ፀሐይም አለች። ደጋ ሲሆን ብርዱ ያታልላል እንጂ ከባሕር ጠለል በ1,000 ሜትር ከፍ ባልን ቁጥር አልትራቫዮሌት የሚባለው ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት። ጎማ ውስጥ የሚገባው ጥቁር የካርቦን ጥላሸት ጨረሩን ይከላከላል፣ ግን ዓመት ሙሉ ግቢ ውስጥ ፀሐይ ላይ ለቆመ ሞተር አይበቃም።

የደረቀ ጎማ ዋናው ችግሩ ዝናብ ላይ ነው። ጥርሱ ውሃውን ይገፋል። አስፋልቱን የሚይዘው ግን ጥርሱ ሳይሆን የላስቲኩ ልስላሴ ነው፤ ለስላሳው ላስቲክ የአስፋልቱን ጥቃቅን ሻካራ ገጽ ጎርበጥ ጎርበጥ እያለ ይቆነጥጣል፣ የደረቀው ከላይ ይንሳፈፋል። ጥርሱ ሙሉ የነበረው የእኔ ጎማ ያንሸራተተኝ ለዚህ ነው። ከደጀን ወደ ዓባይ ድልድይ በሚወርደው ቁልቁለት፣ ኩርባ በኩርባ ላይ ፍሬን ይዞ ለሚወርድ ሰው ደግሞ ይህ ልዩነት ቀላል ነገር አይደለም።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። አንድ የኋላ ጎማ 15,000 ኪሎ ሜትር ይሄዳል እንበል። ቀኑን ሙሉ ዕቃ ሲያደርስ የሚውል ልጅ በዓመት ውስጥ ይጨርሰዋል፤ ለሱ ዕድሜ የሚባል ጥያቄ የለም፣ ጎማው ሳያረጅ ያልቃል። እኔ በሳምንት 30 ኪሎ ሜትር ብሄድ በዓመት 1,560 ነው። ጥርሱን ለመጨረስ 10 ዓመት ገደማ ይፈጅብኛል። ላስቲኩ ግን አይጠብቀኝም። የሚሼሊን ኩባንያ ምክር ጎማ 5 ዓመት ካገለገለ በኋላ በየዓመቱ በባለሙያ እንዲታይ፣ ከተሠራ 10 ዓመት ከሞላው ደግሞ ደህና ቢመስልም እንዲቀየር ነው። ያ ግን የመጨረሻው ጣሪያ ነው፤ እኔ ለሁለት እግር ተሽከርካሪ፣ ያውም ውጭ ለሚያድር፣ 6 ዓመት ሲሞላው በቃው እላለሁ።

ስለዚህ «ብዙ ኪሎ ሜትር የሚሄድ ጎማ ልስጥህ» የሚባለው ምክር ለእኛ አይሠራም። ረጅም እንዲሄድ የሚሠራ ጎማ ላስቲኩ ጠንከር ይላል። ለዕቃ አድራሹ ልጅ ልክ ነው። የቅዳሜ ነጂ ግን ያንን ኪሎ ሜትር መቼም አይጠቀምበትም፤ በማይጠቀምበት ነገር ፈንታ በክረምት የሚይዝለትን ለስላሳውን ቢመርጥ ይሻለዋል። ጥርሱስ? እንደ መንገዳችሁ ነው። አስፋልት ላይ ብቻ ከሆናችሁ ትልልቅ ጥርስ ያለው የገጠር ጎማ አትግዙ፣ አስፋልት የሚነካው ገጽ ትንሽ ስለሆነ ዝናብ ላይ ያስቸግራል። ወደ ጮቄ ፒስታውን ለሚወጣ መካከለኛው ይበቃል። የዋልካ ጭቃ ላይ ደግሞ ሁለት ዙር ከሄዳችሁ ጥርሱ ይሞላል፣ የትኛውም ጎማ አያድናችሁም፤ ክረምት ላይ ያንን መንገድ መተው ነው።

ገበያ ላይ ምን ላድርግ ካላችሁ፣ በስልካችሁ መብራት አብሩና ቁጥሩን ራሳችሁ አንብቡ። 2 ዓመት ያልሞላው ሳያሳስባችሁ ግዙት፤ ጥላ ያለበት ደረቅ ቦታ የተቀመጠ ጎማ በዚያ ጊዜ ውስጥ ምንም አይሆንም፣ የዚህ ወር ካልሆነ ብላችሁ ሻጩን አታስጨንቁት። 3 ዓመት ከሆነው ዋጋ አስቀንሱ። ከ4 በላይ ከሆነ እኔ አልገዛም፣ በግማሽ ዋጋም ቢሆን። ቁጥሩ ከተፋቀ ወይም ጨርሶ ከሌለም አልገዛም። ማብለጭለጩን አትመኑት፣ አሮጌ ጎማ ጥቁር ቀለም ሲቀቡት አዲስ ይመስላል። ጥርስና ጥርሱ መካከል ያለውን ቦይ ትንሽ ከፈት አድርጋችሁ እዩ፤ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ መጀመሪያ የሚታየው እዚያ ነው። የተቀመጠበትንም ቦታ ልብ በሉ። የብየዳ ቤት ጎረቤት የሆነ መጋዘን ለጎማ መጥፎ ነው፣ የብየዳ ብልጭታ ኦዞን ይፈጥራል።

መጠኑን ከአሮጌው ጎማ ጎን ቅዱ። 2.75-18 ካለ ስፋቱ 2.75 ኢንች፣ ቸርኬው 18 ኢንች ነው። 90/90-18 ካለ ስፋቱ 90 ሚሊ ሜትር፣ ቁመቱ የስፋቱ 90 በመቶ ማለት ነው። ጎኑ ላይ ቀስት ካለ ጎማው ወደዚያ እንዲዞር አስገቡት። የውስጥ ጎማ፣ ማለትም ከመነዳሪ፣ ያለው ከሆነ እሱንም አብራችሁ ቀይሩ፣ አሮጌው ተለጥጦ ስለሚሆን ታጥፎ ይቀደዳል። አዲሱ ጎማ መጀመሪያ ላይ ገጹ ሙልጭልጭ ይላልና 150 ኪሎ ሜትር ገደማ እስክትሄዱ ኩርባ ላይ አትጋደሙ፣ ፍሬንም በዝግታ ያዙ።

ከገዛችሁት በኋላ ጥላ ስር አቁሙት፤ ሸራ ማልበስ እንኳ ይረዳል። በጋዝ ወይም በናፍጣ አትጠቡት፣ ነዳጅ ላስቲክን ይበላል፤ ውሃና ሳሙና ይበቃዋል። ሳምንቱን ሙሉ በጎደለ ነፋስ አይቁም። ሥራ በበዛበት ሳምንት እንኳ አንድ ዙር አውጡት፣ ጎማው ይተጣጠፍ።

የፊት ጎማን ሰው ይረሳዋል። የኋላው ቶሎ ስለሚያልቅ ሁለት ሦስቴ ይቀየራል፣ የፊቱ ሞተሩ ሲገዛ የነበረው ሆኖ ይቀራል። የፊቱ ሲከዳ ግን መሪው ነው የሚሄደው፣ እንደ ኋላው የማስተካከያ ጊዜ አይሰጥም። ይህን መጻፍ ስጀምር ወጥቼ የራሴን ጠርጌ አነበብኩ። 1819 ይላል። ሚያዝያ 2011 ነው። ጥርሱ ገና ግማሽ አልደረሰም፣ ቦዩ ውስጥ ግን ስንጥቆቹ ጀምረዋል። ሰኔ ሳይገባ ይወርዳል።