ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ፦ አጠቃላይ ዳሰሳ

ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ወደ አካውንት ለመግባት ከፓስወርድ ሌላ ተጨማሪ ማስረጃ የሚጠይቅ የጥበቃ ዘዴ ነው። ፓስወርድ በጭንቅላት የሚያዝ ነገር ነው። ሁለተኛው አብዛኛውን ጊዜ በእጅ የሚያዝ ነው፤ ስልክ ራሱ፣ ወይም ደግሞ ኮምፒውተር ላይ የሚሰካ ትንሽ ቁልፍ። ሌባ አንዱን ቢያገኝ ሌላው ይጎድለዋል።

ኮድ የሚያሳዩ ትንንሽ መሣሪያዎች ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በድርጅቶች ይሠራባቸው ነበር። ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ለተራው ሰው በስፋት የደረሰው በ2011 ነው። በዚያ ዓመት የካቲት ወር ጉግል አገልግሎቱን ለሁሉም ተጠቃሚዎቹ ከፈተ። በዚያው ዓመት አርኤፍሲ 6238 የተባለው መስፈርት ወጣ፤ ዛሬ ኮድ አመንጪ አፖች የሚሠሩት በዚህ ነው። አሠራሩ በጣም ያምራል። መጀመሪያ ኪውአር ኮድ ስካን ሲደረግ አንድ ምስጢራዊ ቁጥር ስልኩም ሰርቨሩም ጋ ይቀመጣል። ከዚያ ሁለቱም ምስጢሩን ከሰዓቱ ጋር አቀናጅተው በየ30 ሰከንዱ አንድ ዓይነት ባለ 6 አኃዝ ኮድ ያወጣሉ። አፑ ኔትወርክ አይፈልግም፤ የስልኩ ሰዓት ትክክል ከሆነ በቂ ነው። መስፈርቱ ለማንም ክፍት መሆኑ ደግሞ ትልቅ ውለታ ነው።

በኤስኤምኤስ የሚመጣ ኮድ ደካማ ጎን አለው። አጭበርባሪ የባለቤቱን ስልክ ቁጥር የያዘ ምትክ ሲም ካርድ ካስወጣ ኮዱም ወደ እሱ ይሄዳል። በነሐሴ 2019 የትዊተር ሥራ አስፈፃሚ የጃክ ዶርሲ ቁጥር ተነጥቆ በራሱ አካውንት ላይ ጽሑፍ ተለጥፏል። አንዳንድ ባለሙያዎች ኤስኤምኤስ ጨርሶ ይቅር ይላሉ። ይሄ የተጋነነ ነው፤ ምንም ከሌለው አካውንት በእርግጥ ይሻላል።

ለእኛ አገር ተጠቃሚ ቴሌግራም ለብቻው መነሣት አለበት። እዚያ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፦ ኮዱ መጀመሪያ ይመጣል፣ ፓስወርዱ ሁለተኛ ነው። ፓስወርዱ ከ2015 ጀምሮ አለ፤ ግን ሰው ራሱ ሴቲንግ ገብቶ ካላበራው አይሠራም። ካልበራ ኮዱን ያገኘ ሁሉ ይገባል። አካውንቱ በተጠለፈ ጓደኛ ስም «የመጣልህን ኮድ ላክልኝ» የሚለው ማጭበርበር የሚሳካውም ለዚህ ነው።

ዋትስአፕ በ2017 ባለ 6 አኃዝ ፒን ጨምሯል።

ስልክ ሲጠፋ ወይም የአገር ቤቱ ሲም ሳይሠራ ውጭ አገር ሲቆይ የራስ አካውንት ሊቆለፍ ይችላል። ጉግል ለዚህ እያንዳንዳቸው አንድ ጊዜ ብቻ የሚሠሩ 10 የመጠባበቂያ ኮዶች ይሰጣል። ወረቀት ላይ ተጽፈው ከስልኩ ተለይተው መቀመጥ አለባቸው።